አኳሪየም ቤታችሁ ካለ፣ እጃችሁ ላይ ያለችውን ቁስል አትናቋት

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም፤ ስለ አኳሪየም ነው። «ዶክተር ደግሞ ዓሣ ማርባት ጀመረ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ። በየሳሎኑ፣ በየካፌው፣ በየክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ዓሣ ያለበት የመስታወት ገንዳ ማየት እየተለመደ መጥቷል። ድሮ አንድ ብርቱካናማ ጎልድፊሽና ሁለት የፕላስቲክ ቅጠል ነበር፤ አሁን ግን ሰው እውነተኛ ተክል የሚበቅልበትን እያስገባ ነው። ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ብቻ ሻጩ የዓሣውንና የምግቡን ዋጋ ይነግራችኋል እንጂ፣ በየሳምንቱ ውሃው ውስጥ ስለሚገባው እጅ ምንም አይነግራችሁም። የኔ ጉዳይ ደግሞ እጁ ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሌላውን ሳታነቡ ብትዘጉት እንኳ ይህችን ይዛችሁ ሂዱ። ጣታችሁ፣ የእጃችሁ ጀርባ ወይም ክንዳችሁ ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ብዙም የማያምም፣ በቅባትም በአሞክሲሲሊንም እምቢ ያለ እብጠት ወይም ቁስል ካለ፣ ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ቤቴ አኳሪየም አለ፤ የማጸዳውም እኔ ነኝ» ብላችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ተናገሩ። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

የማይድነው እብጠት

ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች የሥጋ ዘመድ ነው፤ ኑሮው ግን ውሃ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካ ፊላደልፊያ በሚገኝ የሕዝብ አኳሪየም ውስጥ ከሞቱ ዓሦች ነበር። ሰውን እንደሚያጠቃ የታወቀው ግን ቆይቶ በ1951 ሲሆን፣ ቦታው ስዊድን፣ ምክንያቱም የመዋኛ ገንዳ ነበር። በ1962 ደግሞ የቤት አኳሪየም ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ተጻፈ። የመዋኛ ገንዳዎች በክሎሪን በደንብ መታከም ሲጀምሩ የዋናተኞቹ ቁስል እየቀነሰ ሄደ፤ የቀረው የዓሣ አርቢዎቹ ነው። በሕክምናው ዓለም ስሙም «የዓሣ ገንዳ ቁስል» እስከመባል ደርሷል።

ይህ ባክቴሪያ አንድ ጠባይ አለው፤ ሙቀት አይወድም። በደንብ የሚራባው ከ30 እስከ 32 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት 37 ስለሆነ ወደ ውስጥ መግባት ይከብደዋል። እጅና ክንድ ግን ከሌላው አካል ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ስለዚህ እዚያው ቆዳ ላይ ይደላደላል።

የሚገባው በጭረት ነው። የመስታወት ጠርዝ፣ የድንጋይ ሹል፣ ለጌጥ የገባው እንጨት፣ የዓሣ ክንፍ እሾህ፣ ወይም ከዚያ በፊት በሽንኩርት ቢላ የተቆረጠች ጣት። ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ምንም የለም። ከዚያ ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ትንሽ እብጠት ትወጣለች። ቀስ ብላ ታድጋለች፤ ኪንታሮት መስላ ትደርቃለች ወይም ትፈነዳና ትቆስላለች። አንዳንድ ሰው ላይ ከጣት ተነስቶ ወደ ክርን እየተከታተለ የሚሄድ፣ ልክ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት ይፈጠራል፤ የሊምፍ ቧንቧውን ተከትሎ ነው። ሕክምናው ከዘገየ ወደ ጅማትና መገጣጠሚያ ዘልቆ ጣት እንዳይታጠፍ ሊያደርግ ይችላል። በእጁ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ቁስሉ ሲወጣ የዛሬ ወር አኳሪየም ስታጸዱ የጫራችሁን ድንጋይ ማን ያስታውሳል? ሐኪሙም ቢሆን መጀመሪያ የሚያስበው ፈንገስ፣ ኪንታሮት፣ የቆዳ ቲቢ ወይም ቁንጭር ነው። ቁንጭርን ማሰቡ ደግሞ ትክክል ነው፤ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማው ደጋችን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ አገራችን ውስጥ በደንብ የሚታወቅ በሽታ ነው። ሁለቱ ሲታዩ በዓይን መለየት ሊያቅት ይችላል። ከቁስሉ ናሙና ተቆርጦ መመርመር አለበት። የላብራቶሪው ጉዳይ ደግሞ ይገርማል፤ ለተለመደው ቲቢ ናሙናው የሚቀመጠው 37 ዲግሪ በሆነ ማሞቂያ ውስጥ ነው። ይህኛው ባክቴሪያ በዚያ ሙቀት ላይበቅል ይችላል፤ ውጤቱም «ምንም አልተገኘም» ይሆናል። ሐኪሙ ስለ አኳሪየሙ ካወቀ ግን ናሙናው በ30 ዲግሪ እንዲቀመጥ ለላብራቶሪው ይጽፋል። አንድ ዓረፍተ ነገራችሁ የማሞቂያውን ዲግሪ ይቀይራል ማለት ነው።

ሕክምና አለው፤ ይድናል። ለዚህ ባክቴሪያ የሚሠሩ አንቲባዮቲኮች ስላሉ ሐኪሙ እንደ ቁስሉ ጥልቀት አንድ ወይም ሁለት መርጦ ይሰጣል። ነገር ግን የአንድ ሳምንት ጉዳይ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ወር ይወስዳል፤ ቁስሉ ከጠፋ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ መድኃኒቱ ይቀጥላል። ሰፈር ፋርማሲ ገብቶ የሚገዛው አሞክሲሲሊን ለዚህ ምንም አያደርግም። ማሳከክ ለማስታገስ የሚሰጡት ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ደግሞ የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ነገሩን ያባብሱታል። እባካችሁ ቁስሉ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እነዚህን ቅባቶች አትቀቡ።

አትደንግጡም ደግሞ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አባወራው እጁ ላይ ስላለ ልጆቹን ከማቀፍ የሚከለክለው ነገር የለም። የሳንባ ነቀርሳም አይደለም፤ በእርግጥ የቲቢ የቆዳ ምርመራ ላይ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል፤ ዘመድነቱ ነው። የበለጠ መጠንቀቅ ያለባቸው የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ናቸው፤ ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ ሲዲ ፎራቸው የወረደ፣ ኩላሊት የተቀየረላቸው፣ የካንሰር መድኃኒት ላይ ያሉ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለሌላ ችግር ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስዱ። እነሱ ላይ ከቆዳ አልፎ ሊሰራጭ ስለሚችል፣ አኳሪየሙን ማየት እንጂ ማጽዳቱን ለሌላ ሰው ቢተዉት እመርጣለሁ። ስኳር ያለባችሁም ቢያንስ ያለ ጓንት አትግቡ።

እጃችሁን ወደ ውሃው ከማስገባታችሁ በፊት

ተክል ያለበት አኳሪየም ከሌላው ይልቅ እጅ ይፈልጋል። ቅጠል መቁረጥ አለ፣ የተነቀለ መልሶ መትከል አለ፣ ጠጠሩን መነካካት አለ። ስለዚህ ልማዱ ቀላልና ቋሚ ይሁን። እጃችሁ ላይ ክፍት ቁስል ካለ በዚያ ሳምንት አትግቡ፤ ፕላስተር ውሃ ውስጥ ይላቀቃል፣ አትመኑት። እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንት አድርጉ። ረጅም ወረንጦና ረጅም መቀስ ግዙ፤ ለአኳሪየም የተሠሩ አሉ፣ እጅ ሳያስገቡ ብዙ ሥራ ይሠራሉ። ስትጨርሱ እስከ ክርን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጠቡ። ከመግባታችሁ በፊት ግን በሳሙና ሳይሆን በንጹህ ውሃ ብቻ ተለቃለቁ፤ የሳሙና፣ የሎሽንና የሳኒታይዘር ቅሪት ዓሣውን ይጎዳል። እየሠራችሁ ከተጫራችሁ ወዲያው አቁሙ፣ በሳሙና እጠቡት፣ ቀኑንም ስልካችሁ ላይ ጻፉት። የዛሬ ወር ሐኪም ሲጠይቃችሁ ትመሰክራላችሁ።

የከሱ፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ሰውነታቸው ላይ ቁስል ያለባቸው፣ አንድ በአንድ የሚሞቱ ዓሦች ካሉ ደግሞ የዚህ ባክቴሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። የሞተውን በባዶ እጅ አታውጡ፤ በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት።

ውሃው ጤነኛ ከሆነ እጃችሁ ያርፋል

ብዙ ሰው አኳሪየም ንጹህ የሚሆነው ሁሉ ነገር ወጥቶ ሲፈተግ ይመስለዋል። የተገላቢጦሽ ነው። በተፈተገ ቁጥር ይታመማል፤ በታመመ ቁጥር እናንተ እንደገና ትገባላችሁ፤ በገባችሁ ቁጥር ትጫራላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓሣው የሚጥለው ቆሻሻና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። ፊልተሩ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን በጣም እስካልበዛ ድረስ ዓሣው ይችለዋል፤ ተክሎቹም ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው በቂ እስኪሆኑ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ቅዳሜ ገንዳ ተገዝቶ እሁድ አሥር ዓሣ ከገባ፣ በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ የሚያለቅሱት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ተክሉ ይትከል፤ ዓሣው ሁለት ሦስት እያለ ቀስ ብሎ ይግባ።

ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት። ክሎሪኑ ወር ሙሉ ያሳደጋችኋቸውን ባክቴሪያዎች ይፈጅባችኋል። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በወጣው አሮጌ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት፤ ቡናማ ሆኖ ቢቀር ችግር የለውም። ፊልተሩ ሌት ተቀን ነው የሚሠራው። «ማታ ድምፁ ይረብሸኛል» ብሎ የሚያጠፋ ሰው፣ ጠዋት ተነስቶ ዓሣው ላይ ላዩን አፉን ሲከፍት ያገኘዋል።

በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ያህል ቀይሩ። ገንዳው 80 ሊትር ከሆነ 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን፣ በቃ። የምትጨምሩት ውሃ ክሎሪኑ የወጣለት መሆን አለበት። የከተማችን የቧንቧ ውሃ በክሎሪን የሚታከም ነው፤ ለእኛ ጥሩ፣ ለዓሣ ግን ጉንፉን የሚያቃጥል ነው። ሰፋ ባለ ባልዲ ቀድቶ አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣዋል፤ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታም አለ። ሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃ ብዙውን ጊዜ ችግር የለበትም፤ ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ በረኪና በረኪና የሚሸተውን ግን በፍጹም ቀጥታ አትጨምሩ። ሙቀቱም ከአኳሪየሙ ጋር ይቀራረብ።

አሁን ደግሞ የውጭ አገር ቪዲዮዎች የማይነግሯችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያልፋል። የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻ ከተሞች ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባህር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ እኛ ጋ 6 አካባቢ ነው። ስለዚህ «በዚህ ገንዳ 20 ዓሣ ይገባል» የሚለው ስሌት ለእኛ አይሆንም፤ ቀንሱት። የውሃው ገጽ በደንብ ይንቀሳቀስ። ተክል አለኝና ኦክስጅን አይቸግረኝም አትበሉ። ተክል ኦክስጅን የሚሰጠው ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ ማታ እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ኦክስጅን በጣም የሚወርደው ሊነጋ ሲል ነው፤ ዓሣችሁን በዚያ ሰዓት ተነስታችሁ አንድ ቀን እዩት።

መብራት ሲጠፋ ነገሩ እንደ ገንዳው ብዛት ነው። ዓሣው ጥቂት ከሆነ ሰዓታት ይቋቋማል። አትመግቡት፤ ምግብ ኦክስጅን ያስጨርሳል። በባትሪ ወይም በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቢኖር ጥሩ፤ ከሌለ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ ልጆቹ ይህን ሥራ ይወዱታል። ብርዱ ከሆነ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። መብራቱ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ከመጣ፣ የተዘጋ ዓይነት ፊልተር ውስጥ የቆመውን የገማ ውሃ ሳትደፉ አታስነሱት።

ብርሃኑ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን የምታሳድጉት አልጌ ነው። መስኮት ስር ፀሐይ በሚመታበት አታስቀምጡት። ምግብም በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ፤ ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፣ አትታለሉ። ለጀማሪ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ቫሊስኔሪያ የሚባሉት ተክሎች ብዙም አያስቸግሩም። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ጠጠር ውስጥ አይቀበሩም፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር ይታሰራሉ። የበሰበሰ ቅጠል በየሳምንቱ ይቆረጥ። ማዳበሪያ ካስፈለገ ለአኳሪየም የተሠራውን ተጠቀሙ። ከገጠር የመጣ ዩሪያ ቆንጠር አድርጎ የጨመረ ሰው፣ ዩሪያው አሞኒያ ስለሚሆን በማግስቱ ዓሣ ይለቅማል።

እርሾና ስኳር በጠርሙስ በጥብጠው ለተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጡም አሉ። ከጠላ ጥንስስ ብዙ አይለይም፤ ጋዙ በቱቦ ወደ ውሃው ይሄዳል። ይሠራል፤ ነገር ግን ቱቦው ከተደፈነ ጠርሙሱ ይፈነዳል። የመስታወት ጠርሙስ በፍጹም አይሆንም፤ የለስላሳ ፕላስቲኩን ተጠቀሙ።

አፍ፣ ማዕድ ቤትና ልጆች

ውሃ ለመቀየር ቱቦ አስገብቶ በአፍ መሳብ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ተዉት። የአኳሪየም ውሃ ሳልሞኔላን ጨምሮ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሳልሞኔላ የታመሙ ልጆች ከቤት አኳሪየም ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው ተመዝግቧል። በእጅ የሚጨመቅ ፓምፕ ያለው ቱቦ አለ። ከሌለ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስጥማችሁ ሲሞላ አንዱን ጫፍ በጣታችሁ ዘግታችሁ ወደ ባልዲው አውርዱት፤ ራሱ ይፈሳል።

ባልዲው ለአኳሪየም ብቻ ይሁን፤ ላዩ ላይ በማርከር ጻፉበት። ስፖንጁንና ጠጠሩን የማዕድ ቤት ሲንክ ላይ፣ ሰላጣ በሚታጠብበት ቦታ አትጠቡ። ውሃውን ሽንት ቤት ወይም አበባ ላይ ድፉት፤ አበባው እንደውም ያመሰግናችኋል። ጎመንና ሰላጣ ላይ ግን አታፍሱት። ዓሣው ጋ ትንሽ ኤሊ ጨምራችሁ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ኤሊ ሳልሞኔላ በመያዝ የታወቀ ነው፤ አሜሪካ ትናንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ከ1975 ጀምሮ የከለከለችው ልጆች እየታመሙ ስላስቸገሩ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መመገቡን ይመግብ፣ እጁን ግን ውሃው ውስጥ አያስገባ።

ክሎሪን እንዲወጣለት የሚያድረውን ባልዲ ክዳን ወይም የታሰረ ሻሽ አልብሱት፤ ክሎሪኑ በሻሹ ይወጣል። አንደኛ፣ ዳዴ የሚል ልጅ በባልዲ ውሃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሊሰምጥ ይችላል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። ክዳኑ ጠንካራ ካልሆነ ባልዲው ልጅ የማይደርስበት ክፍል ተዘግቶበት ይደር። ሁለተኛ፣ በተለይ ድሬዳዋና ሌሎች ቆላ ከተሞች ያላችሁ፣ የዴንጌ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የተነሳውን ወረርሽኝ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አኳሪየሙ ራሱ ግን አያሰጋችሁም፤ ጉፒዎቹ እጩን እየለቀሙ ይበሉታል።

ሶኬቱ

በዚህ ርዕስ ላይ ፈጣን የሚገድለው ይህ ነውና አጭር ላድርገው። ማሞቂያ፣ ፊልተርና መብራት፣ ሁሉም ከኤሌክትሪክ ጋር ነው፤ እጃችሁ ደግሞ እርጥብ ነው። እጅ ከመግባቱ በፊት ሁሉም ከሶኬት ይነቀል፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ዲቫይደሩ መሬት ላይ ከአኳሪየሙ ስር አይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ገመዱ ከገንዳው ወጥቶ ቀጥታ ሶኬት አይግባ፤ መጀመሪያ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ታጥፎ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ከእጥፋቱ ላይ ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርታችሁ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር ብታስገጥሙ ከሁሉ የተሻለ ነው። ማሞቂያውን ከነቀላችሁ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ትኩስ ሆኖ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ገንዳውን የምታስቀምጡበት ጠረጴዛም ይታሰብበት፤ 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው፤ ልጅ ሲንጠለጠልበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ጠርሙስ ውስጥ ያሉት ነገሮች

«ፈሳሽ ካርቦን» ተብለው ለተክል ማሳደጊያና ለአልጌ ማጥፊያ ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ የያዙት ግሉታራልዴሃይድ ወይም የቅርብ ዘመዱን ነው። እኛ ሐኪም ቤት ያለን ሰዎች ይህን ኬሚካል እናውቀዋለን፤ የኢንዶስኮፒ መሣሪያ የምናጸዳበት ነው። ቆዳ ያቆጣል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ አስም ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። መስኮት ከፍታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ በመለኪያው ብቻ ጨምሩ፤ ከልጆች ቁም ሳጥን አርቁት። የደረቀ የቀይ ትል ምግብም አለርጂ ያስነሳል። ዓሣ በመገባችሁ ቁጥር የሚያስነጥሳችሁ፣ ዓይናችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ ዓሣውን ሳይሆን የምግቡን ጣሳ ጠርጥሩ።

ዓሣ ሲታመም ደግሞ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ውሃው ውስጥ መበተን አለ። ይህን ስሰማ በጣም ነው የሚከፋኝ። መድኃኒቱ የፊልተሩን ባክቴሪያዎች ሊገድል ይችላል፤ አሞኒያው ይነሳና ዓሣው በሌላ ምክንያት ይሞታል። የተረፉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል። ያ ውሃ ከነተለማመዱት ባክቴሪያዎች በእናንተው እጅ ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ የዓሣ ገንዳ ቁስል ቢይዛችሁ ደግሞ ከሚታዘዙላችሁ መድኃኒቶች መካከል የዚሁ ቤተሰብ ይገኝበታል። የታመመ ዓሣ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ለይታችሁ በሌላ ዕቃ አስቀምጡት፣ ውሃ ቀይሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ውሃው ነው። ካልሆነም የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

የበረሮና የትንኝ መርጫ ሲነፋ አኳሪየሙ ይሸፈን፣ የአየር ፓምፑም ይጥፋ፣ ክፍሉ ሲናፈስ ይመለስ። ፓይረትሮይድ የሚባሉት መርጫዎች ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው።

የተቆረጠ ተክልና የማትፈልጉት ዓሣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይጣል። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ለጌጥ እየተወሰደ ነው። አድርቃችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ «እንግዲያው ባይኖረንስ?» የሚል ሰው እንዳለ ይሰማኛል። ይኑራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ በፕሊመዝ የሕዝብ አኳሪየም ፊት ቆመው የሚያዩ ሰዎች የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ቀነስ እንደሚል፣ ዓሣው ሲበዛ ደግሞ ሰዎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው እንደሚያዩ አሳይቷል። የግፊት መድኃኒታችሁን አይተካም፤ ጥሩ ነገር ግን ነው። ነፍሰ ጡሮችም ትጠይቁኛላችሁ፤ የድመት ዓይነ ምድር የሚያሰጋችሁ ቶክሶፕላዝማ አኳሪየም ውስጥ ያሉ ዓሦች የሚያመጡት ነገር አይደለም። ባልዲ መሸከሙን ግን ለሌላ ሰው ተዉ፤ ጓንቱንና ሳሙናውን አትርሱ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የአኳሪየማችሁን ፎቶ ብትለጥፉ ደስ ይለኛል። የቁስል ፎቶ ግን ኮሜንት ላይ አትለጥፉ፤ ይህ በፎቶ የሚለይ ቁስል አይደለም። ከሦስት ሳምንት ካለፈው የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱና ስለ ዓሦቻችሁ ንገሩት።